የካውንቲያችን የፓርኮች ኃላፊ ሆይ፣ «የጡረተኞች ሊግ» ስላሉት ነገር

ይድረስ ለካውንቲያችን የፓርክና መዝናኛ ቢሮ ኃላፊ፣

ኢሜይል ጻፍኩልዎት። የሚመጣው መልስ ሁሌ ያው ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን»። ኮምፒውተራችሁ ጨዋ ነው፣ አልቀየምም። ስልክም ደወልኩ፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፈኝ ከረመ። እንግዲያው ሰው ሁሉ እያነበበው እንነጋገር።

ነገሩን ያውቁታል። የሰፈራችን የሐበሻ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት የሚጫወቱበትን ሜዳ ፈቃድ ሰርዛችሁ ቦታውን ለፒክልቦል (ቴኒስ ለሚመስለው፣ በትንሽ ራኬት ለሚጫወቱት ጨዋታ) ልትሰጡት ነው። ክፍያው ተከፍሏል። ኢንሹራንሱ ገብቷል። በራሳችሁ መመሪያ ፈቃድ ሲሰረዝ ቀድሞ በጽሑፍ መነገር አለበት፤ ለእኛ የነገረን ጓጉንቸሩ ነው። ልጆቹ ታኬታቸውን እንዳጠለቁ ፓርኪንግ ላይ ቀሩ። አሰልጣኙ የኳሱን ከረጢት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አጥሩን ዳር እስከ ዳር ዞረው፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቢያገኝ ብሎ። ምንም የለም። አንዱ ልጅ ከመኪናዬ ጎማ ጋር ኳስ ይቀባበል ጀመር፣ ዝም አልኩት።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ በሕዝብ ስብሰባው ላይ ስንጠይቅዎ የሰጡት መልስ ነው። እግር ኳስ እዚህ አገር የትም አይደርስም፣ ፕሮፌሽናሉ ራሱ የጡረተኞች ሊግ ነው ብለው ሳቁ። አጠገብዎ የተቀመጡትም አብረው ሳቁ። (እውነቱን ለመናገር ይህንኑ የሚሉ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ወዳጆች አሉኝ፣ ካፌ ውስጥ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። እነሱ ግን የሜዳ ቁልፍ አልያዙም።)

እስቲ ስለዚህ ጡረተኛ ሊግ እናውራ። ኤምኤልኤስ፣ የአሜሪካና የካናዳ ክለቦች የሚጫወቱበት የወንዶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር 10 ቡድን ነበረው። ከሱ በፊት የነበረው፣ ፔሌ ለኒው ዮርክ ኮስሞስ የተጫወተበት ሊግ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ፈርሷል፤ ስለዚህ ይኼኛውም አይቆይም ተባለ። ለመፍረስም ትንሽ ነበር የቀረው፤ ከ2001 ውድድር በኋላ የማያሚና የታምፓ ቡድኖች ተዘግተው እንደገና 10 ቀሩ። በ2025 ግን 30 ደርሰዋል። በ2018 አትላንታ ዩናይትድ ዋንጫውን ሲያነሳ ስታዲየሙ ውስጥ ከ73,000 በላይ ሰው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ጡረተኛ ሊጠይቅ ነው የመጣው?

አዎ፣ የአውሮፓ ኮከቦቹ ጄራርድ፣ ላምፓርድና ፒርሎ የመጡት ጉልበታቸው ካለቀ በኋላ ነው። ሜሲም በ2023 ሲመጣ 36 ዓመቱ ነበር። አልክድም። ባየርን ሙኒክ አልፎንሶ ዴቪስን ከየት አገኘው ታዲያ? ከዚሁ ሊግ፣ ከቫንኩቨር፣ ገና ልጅ ሳለ ወስዶት በ2020 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ቲያጎ አልማዳ በ2022 ከአርጀንቲና ጋር የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ የአትላንታ ተጫዋች ነበር፤ ዕድሜው 21። በዚያው ዓመት የዚሁ ሊግ ቡድን ሲያትል የሜክሲኮውን ፑማስ በራሱ ሜዳ 3 ለ 0 ሸኝቶ የኮንካካፍ (የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ) ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ። በ2025ቱ የክለቦች ዓለም ዋንጫ የሜሲ ቡድን ኢንተር ማያሚ የፖርቱጋሉን ፖርቶ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ቆይቶ ደግሞ በፓሪሱ ፒኤስጂ 4 ለ 0 ተቀጠቀጠ። እኔ ሁለቱንም ነው የምነግርዎት፤ እርስዎ የሚያወሩት ሽንፈቱን ብቻ ነው።

እንከን አለው። ወራጅ የለም፣ መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከታች ያለው ነው፦ ልጅን ደህና ክለብ ለማስገባት የሚጠየቀው ገንዘብ ኡበር እየነዳ ለሚያድር አባት የማይታሰብ ነው። የቅዳሜዋ ሜዳ ለእኛ ማለት ይኼ ነው። አሰልጣኙ ደሞዝ የለውም፣ ማሊያውን እናቶች ያጥባሉ፣ ገንዘብ የለህም ተብሎ የሚመለስ ልጅ የለም።

የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተከላካይዋን ናኦሚ ግርማን ያውቋታል? ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነው የተወለደችው። ኳስ የጀመረችውም እዚያው አካባቢ የእኛ ሰዎች ለልጆቻቸው ባቋቋሙት «ማለዳ» በሚባል የሰፈር ክለብ ነው፤ አባቷ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በ2022 የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ክለቦች አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ ሳን ዲዬጎ ዌቭ ከሁሉም አስቀድሞ መረጣት። በ2024 የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። በጥር 2025 ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት፤ በሴቶች እግር ኳስ ከሚሊዮን ያለፈ ዝውውር ሲፈጸም ያ የመጀመሪያው ነው። ይህች ልጅ ከየትም አልዘነበችም፣ ወላጆች ተሰባስበው ልጆች ከሚያጫውቱበት ሜዳ ነው የወጣችው። የእኛዎቹ ሁሉ ናኦሚ ይሆናሉ አልልም፣ አብዛኞቹ ነርስና ኢንጂነር ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ግን ይህ ጨዋታ እዚህ አገር የትም እንደማይደርስ ለመወሰን እርስዎን ማን ሾመዎት?

የሚያስቀው ደግሞ ቢሮዎ መግቢያ ላይ የ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ፖስተር መለጠፉ ነው። ያምራል። አንዱ ልጅ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል።

ከፒክልቦል ተጫዋቾች ጋር ጠብ የለንም። ከፓርኩ ጀርባ ያሉት የቴኒስ ሜዳዎች መረባቸው ተቀዶ፣ ሣር በቅሎባቸው ተቀምጠዋል፤ እነሱን አድሱላቸው። ለእኛ ደግሞ ፈቃዱ የተሰረዘበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡን፣ የመመሪያውን አንቀጽ ጠቅሳችሁ። አንቀጹ ከሌለ በሩን ክፈቱ። አንከፍትም ካላችሁም የከፈልነውን ገንዘብ መልሱ፤ እሱንም እስከ ዛሬ ይዛችሁታል።

ከቅዳሜ ወላጆች አንዱ