አሸንዳው አበበ

አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ይኼን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ብታዪ ትስቂብኝ ነበር። ለአባባ ለቅሶ አልመጣሁም። ስሰማ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፣ ነገ ሳምንት ሆነ፣ አርባውም አለፈ፣ ከዚያማ በምን ፊቴ? አንቺ ጋ ኮምቦልቻ ለመምጣት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነበር የቀረኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ፣ አትቆጪ፣ ነገሩ ስለ አበባ ነው።

አሸንዳው አበበ!

አባባ ቦሩ ሜዳ ከቤታችሁ ታች ካለው ረግረግ ቆፍሮ በማዳበሪያ ከረጢት የሰጠኝ፣ አንቺ «ይኼ ሽንኩርት ነው ወይስ ሬት?» እያልሽ ያላገጥሽበት። ሁለት ክረምት ሙሉ ቅጠል ብቻ ነበር። አባባ «ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል፣ ተይው» ብሎኝ ነበር። ማንን ይመስላል እንዳትይኝ። ዘንድሮ ሦስት ዘንግ አወጣ። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ ቀይ ነው፣ ከታች ያለው ቀድሞ ይፈነዳና ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እና በየቀኑ ቢጫው አንድ አንድ እርከን እየወጣ ቀዩን ሲገፋው ጥርሴን ሳልፍቅ እየወጣሁ አያለሁ። ጠዋት ላይ ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ዘንጉ ላይ ተሰቅለው ማሩን ይመጥጡታል። ቡናዬ ይቀዘቅዛል።

መጀመሪያ አበላሽቼው ነበር፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ከረግረግ ስለመጣ ውሃ የሚተኛበት ጥግ፣ ያውም ጥላ ውስጥ፣ አንገቱ ድረስ ቀበርኩት። ግማሹ በሰበሰ። ለካ እሱ የሚፈልገው ውሃ እያለፈ የሚሄድበትን ቦታ ነው፣ ፀሐይ የሚያገኝበትን፣ አንገቱም ከአፈሩ ብቅ እንዲል። የተረፈውን አውጥቼ ከጣራው አሸንዳ ሥር፣ ቦዩ ዳር ተከልኩት። የአሸንዳው ውሃ ለአሸንዳው! ይኼን ቀልድ የምነግረው ሰው አጥቼ ስንት ጊዜ ላንቺ ልደውል ስልኩን አንስቼ አስቀምጫለሁ።

እና የሚገርምሽ፣ ይኼ የኛው ዓይነት በዱር ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። የደቡብ አፍሪካ ዘመዶቹን ፈረንጆች ግቢያቸው ውስጥ ለጌጥ ይተክላሉ፣ ስማቸውንም የጋለ ብረት ብለውታል። እኛ ደግሞ ጽጌረዳ በገንዘብ ገዝተን እሱን አረም እንለዋለን። አከራዬም ያለኝ እንደዚያው ነው።

ችግሩም እሱ ነው። ክረምቱ ስላለፈ ግቢውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው። «ያን አሸንዳ አንሺልኝ» ሲለኝ «የጣራውን ነው?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። እስከ ጥቅምት 10 አንሺ አለኝ። አሁን በአበባው ላይ ሳለ ከነቀልኩት ዘንጉን መቁረጥ አለብኝ፣ ከነአፈሩ ካላነሳሁትም ይሞትብኛል። ደግሞ ከፊታችን በጋ ነው። አዲስ ቦታ የተተከለ ሥር ውሃ ካላገኘ አለቀለት። ለመንቀልማ የክረምቱ መግቢያ ነበር ደጉ ጊዜ።

አንቺ ጋ እንዳልልከው ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ነው። አሸንዳ የደጋ ልጅ ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው አገሩ። እናንተ ደግሞ 1,850 ላይ ተቀምጣችሁ ማንጎ ትበላላችሁ።

እና... ቦሩ ሜዳ እናትሽ እቴቴ ጋ ብወስደውስ? ከአጥሩ ሥር የምንጩ ውሃ የሚያልፍበት ቦይ አሁንም አለ አይደል? እዚያ ዳር ቢተከል አፈሩንም ይይዝላታል፣ ከብትም ብዙ አይነካውም። እኔ በየሳምንቱ እሑድ እየሄድኩ አጠጣለሁ።

ግን በምን አፌ ልጠይቃት? አበባ ይዤ ስመጣ ምን ትላለች? «ለባሌ ያልመጣሽ ለሣር መጣሽ» ብትለኝ መልስ የለኝም። ቀድመሽ ደውለሽ ንገሪልኝ ልልሽ ነበር ይኼን ሁሉ የጻፍኩት፣ አሁን ሳስበው ግን እሱም ነውር ነው። እኔው ልሂድ። ይኼን እሑድ ባዶ እጄን እሄዳለሁ፣ ለቅሶዬን እደርሳለሁ። ስለ አሸንዳው ትንፍሽ አልልም። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ጥቅምት 10 ሳይደርስ ነው፣ ያን ጊዜ እጠይቃታለሁ።

አንቺ ብትመጪ ደግሞ... ተይው፣ ሥራ ይኖርሻል። ከመጣሽ ግን አካፋ ይዘሽ ነይ፣ የኔው እጀታው ተሰብሯል።

እና ያ ውሻችሁ አሁንም ቀን ቀን ይታሰራል?