የፎቶ ቅንብር ከስልክ ቪዲዮ አይለመድም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በወጣቶች ገጻችሁ ላይ ስለ ፎቶግራፍ ትምህርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ፒያሳ ካለው ፎቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጸሐፊው፣ ዛሬ ስልክ የያዘ ልጅ አስተማሪ አያሻውም፤ የካሜራውንም የቅንብሩንም ትምህርት ከአጫጭር ቪዲዮ ያገኘዋል ብለዋል። ስለ ካሜራው እውነታቸውን ነው። ስለ ቅንብሩ ግን ከእሳቸው ጋር አልተስማማሁም።

ማንነቴን ለመግለጽ ያህል፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ፊልም አጣቢ ሆኜ ጨለማ ክፍል ከገባሁ ወዲህ ከዚህ ሥራ አልወጣሁም። ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ለሐዘን ቤት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ፎቶ መማር የሚፈልጉ ልጆች ይመጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ በሰርግ ቀረጻ ላይ መብራት የሚይዙ ረዳቶች አሉ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡም አሉ። ቪዲዮ ሳያይ የሚመጣ አንድም የለም። ስለዚህ ቪዲዮው ምን ሰጥቶ እንደላካቸውና ምን እንዳልሰጣቸው በየሳምንቱ ይታየኛል።

የሰጣቸውን ላስቀድም። አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ሲከፈት ጀርባው ለምን እንደሚደበዝዝ፣ ሹተር፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ሲዘገይ የሚሮጥ ሰው ለምን እንደሚሳብ፣ ፍላሹን ወደ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑን ማለስለስን አውቀው ይመጣሉ። ይህን እኔ በቃል ከማስረዳው አንድ ጊዜ ሲሠራ ማየት ይሻላል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ አይቶ እጅ ይከተላል። ለዚህ ቪዲዮን የሚያክል ነገር የለም።

ቅንብር ግን ምን ፍሬም ውስጥ ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለው ውሳኔ ነው። ለመወሰን ደግሞ ከሁሉ በፊት ጠርዙ መታየት አለበት። ከሌይካ ካሜራ ጀምሮ የወረስነው የ24 በ 36 ሚሊ ሜትር ፍሬም 3 ለ 2 ነው። የቲክቶክ ቪዲዮ 9 ለ 16 ሆኖ የቆመ ነው። አግድም የተነሳ ፎቶ ሳይቆረጥ እዚያ ከገባ ከስክሪኑ የሚይዘው 37.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሌላው ጥቁር ነው። ስክሪኑን ይሙላ ከተባለ ደግሞ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ከፎቶው የሚተርፈው ያው 37.5 በመቶ ነው። እንግዲህ ስለ ጠርዝ የሚሰጥ ትምህርት ጠርዙን ቆርጦ ሲሰጥ ልጁ ምኑን ይይ? በዚያ ላይ ተናጋሪው ሦስት ሰከንድ ያሳይና ቀይ ቀስት ይስልበታል። ዐይን ፎቶ ላይ ዞሮ፣ ተመልሶ፣ ጥግ ላይ የተረሳች አንዲት ፌስታል እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል። ልጆቹ ቀስቱን አይተው ፎቶውን ሳያዩ ያልፋሉ።

ሁሉም ይዘው የሚመጡት አንድ ሕግ አለ፤ ፍሬሙን በቁመትም በወርድም ሦስት ቦታ ከፍለህ ዋናውን ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ አስቀምጥ የሚለው። ስልኩም ራሱ መስመሩን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ እናቷን ቡና ስታፈላ አንስታ አመጣች። ፊታቸው በቀኝ በኩል ላይኛው መገናኛ ላይ ተሰክቷል፤ ግራው ሁሉ ባዶ ግድግዳ ነው፤ ጀበናው ከወገቡ ተቆርጧል።

«ጀበናውን ለምን ቆረጥሽው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ፊቷን እዚህ ነው የሚለው።»

ልጅቷን አልፈርድባትም። ማንም ሕጉ ከየት እንደመጣ አልነገራትም። ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ነው። ያኔ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ሰውየው ይናገር የነበረው ሰማዩ ምን ያህል፣ ምድሩ ምን ያህል ቦታ ይያዝ በሚል ነበር። ለሐይቅ ዳር ፎቶ ይጠቅማል፣ አልጠላውም። ለቡና ሥነ ሥርዓት ግን ከጀበናው አይበልጥም።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ያረጀ ነው፤ እኔንም ያስተማሩኝ በዚሁ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ያነሳውን ፎቶ በ10 በ 15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት አሳትሞ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ እንደረድረዋለን። ከጥቁር ካርቶን በ«ኤል» ቅርጽ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች አሉኝ፤ ሁለቱን አጋጥሞ እያጠበቡና እያሰፉ ፎቶው ላይ የፈለጉትን ፍሬም መሥራት ይቻላል። ያ ነው መሣሪያው ሁሉ።

አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ ሰኞ ገበያን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ያነሳውን አመጣ። እህል የሚሰፍሩ ሴቶች፣ ጃንጥላ፣ ጭነቱ የተራገፈለት አህያ፣ ከሁሉ ጀርባ የጦሳ ተራራ። ሁሉም ነገር አለ፤ ስለዚህ ዐይን የሚያርፍበት የለም። ካርቶኖቹን ለልጆቹ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው ከታች ቆርጦ ተራራውንና ጃንጥላዎቹን ፍሬም ውስጥ ያዘ። ሁለተኛዋ ተራራውን ጣለችና በዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሴቶች ላይ አጠበበች፤ የአንደኛዋ እጅ አየር ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ በፊት ማናችንም አላየነውም ነበር። ሦስተኛው የሴትዮዋን እጅና ቁናውን ብቻ ፍሬም ውስጥ ተወ። ጭቅጭቅ ተነሳ።

«ጦሳ ከወጣ ደሴ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ደሴ መሆኑን ለማን ነው የምትነግረው? የደሴ ሰው እንደሆነ ያውቀዋል።»

«እና የባቲም ገበያ ይሁን?»

«ይሁና! እጇን አታየውም?»

እኔ በልቤ ከተራራው ጋር ነበርኩ፤ ግን ዝም አልኩ። ያነሳው ልጅ መጨረሻ ላይ «አብሽሩ፣ ሰኞ ተመልሼ ቀረብ ብዬ አነሳዋለሁ» ብሎ ወጣ። ይህን ውጤት ከየትኛው ቪዲዮ ነው የማገኘው? ቪዲዮ አንድ መልስ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ፎቶ ሦስት ፎቶ ወጣ፣ የቱ እንደሚሻልም ልጆቹ በገዛ አፋቸው ተከራከሩበት።

ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፤ ይገለበጣል። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ፎቶን ዘቅዝቆ ይመለከት እንደነበር በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ፎቶ ሲዘቀዘቅ ፊት ፊት መሆኑ ይቀርና ጥቁሩና ነጩ፣ የከበደውና የቀለለው ጎን ይታያል። ልጆቹ ይህን በስልካቸው ለመሞከር ስልኩን ሲገለብጡት ብዙ ጊዜ ፎቶው አብሮ ዞሮ ቀጥ ይላል። ወረቀት እንዲህ ያለ ብልጠት የለውም።

ደግሞም ሲታተም የሚገኝ ትምህርት አለ። አብዛኛው ስልክ ምርጫው ካልተቀየረ የሚያነሳው 4 ለ 3 ነው፤ 10 በ 15 ወረቀት ግን 3 ለ 2 ነው። ወርዱ 15 ሲሆን የስልኩ ፎቶ ቁመት 11.25 ሊሆን ይገባዋል፤ ወረቀቱ 10 ነው፤ 1.25 ሴንቲ ሜትሩ፣ ማለትም ከዘጠኝ አንድ እጁ፣ ማተሚያው ላይ ይቀራል። ጭንቅላት አናት ላይ ቦታ ያልተወ ልጅ ዘመዱን ያለ ፀጉር ተቀብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ጠርዝ ምን እንደሆነ ደግሜ አልነግረውም።

ከጠረጴዛው ቀጥሎ መንገድ እንወጣለን፤ ካሜራ ሳንይዝ። ካርቶን ላይ 6 በ 9 ሴንቲ ሜትር መስኮት እንቆርጥና በአንድ ዐይን እናያለን። ከዐይን 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲርቅ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየውን ያሳያል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ይበልጥ አቅርቦ የሚያሳየውን የ100ውን። ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ቆመን ይህን ስናደርግ ኮምቦልቻ ከታች ከነፋብሪካዎቹ ተዘርግታ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ እሷ ሲወርድ ልጆቹ ዙም ማለት ምን እንደሆነ በክንዳቸው ይለኩታል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ደሴ ጉሙን ስታማርር እሰማለሁ፤ ለእኔ ግን ነፃ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ጦሳን፣ ቀጥሎ ቤቶቹን፣ ቀጥሎ የመብራት ገመዱን እየደበዘዘ ይወስድና ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ብቻ ይተዋል። ጀርባን ከዋናው ነገር መለየትን እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ሶፍትዌር አላየሁም።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም አስተማሪ መሆኑ ይረሳል። በቆየው የሥዕል ልማዳችን ቅዱሳኑ ፊት ለፊት በሁለት ዐይናቸው ያያሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን ተስለው አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ዋናው ሰው ትልቅ፣ አጃቢው ትንሽ። ሰውን ፊት ለፊት ማቆምና በጎን ማዞር በተመልካች ላይ የተለየ ነገር እንደሚያደርግ የእኛ ሠዓሊዎች ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ያውቁት ነበር። ከልጆቹ ክርስቲያንም ሙስሊምም አሉ፤ ይህን ስነግራቸው ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው የራሳቸውን ፎቶ ማየት ይጀምራሉ።

መጽሐፍና ፕሮጀክተርስ? መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ ፎቶው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ግን ውድ ነው፣ ትልቁ ፎቶም ሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋ መሐሉ ስፌት ውስጥ ይገባል። ፕሮጀክተር ለብዙ ሰው አንድን ፎቶ አብሮ ለማየት ይበጃል፤ መብራት ካለና ክፍሉ ከጨለመ። ሁለቱንም ከቪዲዮ አስቀድማለሁ።

የእኔ ዘዴ ጉድለት አይታየኝም አልልም። ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆመው ስድስት ሰባት ልጅ ነው። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ያለ ልጅ ለቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ደርሶ አይመለስም፤ እሱ ያለው ስልኩ ብቻ ነው። ጸሐፊው ያሰቡት ይህን ልጅ ከሆነ እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን እናንተ ወረቀት ላይ ታትማችሁ የምትወጡ ሰዎች ናችሁ። እኔ በካርቶን የምሠራውን እናንተ በገጻችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ጥያቄዬ ሩብ ገጽ ነው። በየእትሙ የአንድ አንባቢ ፎቶ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ይውጣ፤ በግራ እንደተነሳ ሙሉውን፣ በቀኝ ሌላ ሰው የቆረጠውን። ከሥር ሦስት መስመር ጽሑፍ ይበቃል፤ አንሺው ለምን እንዲህ እንዳነሳ፣ ቆራጩ ለምን እንደቆረጠ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትፍረዱ፤ በሚቀጥለው እትም አንባቢ ይከራከርበት። ጋዜጣውን የገዛ ልጅ በሁለት የካርቶን ቁራጭ ሦስተኛውን ፍሬም ራሱ ይሠራል።

ለመጀመሪያው እትም የእኔ ልጆች ፎቶ ያቀርባሉ፤ የሰኞ ገበያዋም ፎቶ ከነሦስቱ አቆራረጧ ዝግጁ ናት። ሁለት ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ፎቶ ተቆርጦ ቦታ እንደሚለቀቅ አውቃለሁ፤ በዚህ ዓምድ ላይ ከተደረገ ግን ትምህርቱ ይበላሻል፤ ቦታ ከጠበበ ያን ሳምንት ይቅር። ሁለተኛ፣ በፎቶው ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ይደረግ። የደሴ ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፤ ነጭ ሰማይ በነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም ፍሬሙ የት እንዳለቀ አይለይም።

ከአክብሮት ጋር

አንድ ፎቶ አንሺ
ከደሴ፣ ፒያሳ