ቁልፉ ምስማር ላይ ተሰቅሏል

ለክፍለ ከተማችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጽፍም። እርስዎ ያውቁታል፤ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁና። መጀመሪያ ጽፌ አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ሳጥኑ ላይ የተኛው አቧራ ያኔውኑ ሊመክረኝ ሞክሮ ነበር፣ አልሰማሁትም። ቀጥሎ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ቀረብኩ። በሦስተኛው ለእርስዎ በደብዳቤ ጻፍኩ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ፣ ማህተም መትቶ ቅጂውን ሰጠኝ። ማህተሙ ያምራል። መልስ ግን የለም።

ጉዳዬ ሽንት ቤት ነው። ለስለስ አድርጊው ያሉኝ ነበሩ። "መጸዳጃ ክፍል" ብዬም ጽፌ ነበር፣ በሩ ግን አልተከፈተም።

የትልቁ አንጀት ቁስለት አለብኝ፣ ሐኪሞች አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚሉት። የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀትን ሽፋን ያቆስላል። ተላላፊ አይደለም። መድኃኒቱ ያበርደዋል እንጂ አይነቅለውም። ሲነሳብኝ በቀን አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ ያስሮጠኛል፣ ደም አለው። "እስቲ ትንሽ ቻል አድርጊው" የሚሉት ነገር አይሠራም። ሆዴ ምልክት ከሰጠኝ በኋላ ሁለት ደቂቃ ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ። ስሙን ሳላውቅ አራት ዓመት፣ አንዴ አሜባ አንዴ ጃርዲያ እየተባልኩ ፍላጂል ስውጥ ኖሬያለሁ። የታወቀው በኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በሚያሳየው ምርመራ፣ ስታይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በርበሬ ቀረ፣ ወተት ቀረ፣ ቡና ለሽታው ብቻ ሆነ። ለሁሉም ታማሚ የሚሆን አንድ የምግብ ዝርዝር የለም። እኔን የሚያስተኛኝን ሌላው ምንም ሳይሆን ይበላዋል። ስለዚህ እየቀመሱ፣ እየተቀጡ ነው የሚማሩት። ሲብስብኝ ነጭ ሩዝ፣ ድንች ቅቅል፣ ሙዝ። ለቅሶ ቤት "ሆዴን አሞኝ ነው" ስል "ፌጦ በጥብጠሽ ጠጪበት" የማይለኝ የለም። በሞቴ ተብሎ የመጣን ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አገር ያውቃል። አክስቴ ምስር ወጧን የተውኩት ንቄያት ይመስላታል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። የእናንተን ኮሪደር ግን አልቻልኩትም።

እናንተ ጋ የሚያመላልሰኝ የአባቴ ቤት ካርታ ነው፣ የስም ዝውውር። ዘንድሮ ብቻ ሰባት ጊዜ መጥቻለሁ። ቀጠሮ ካለኝ ከዋዜማው ምሳ በኋላ እህል አልቀምስም። ሌላው ባለጉዳይ ፋይሉን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ፋይሌንና ቅያሪ ልብሴን።

ያን ዕለት ቁጥሬ 47 ነበር። 31 ሲጠራ ሆዴ ተነሳ። ኮሪደሩ ጫፍ ያለው በር ተቆልፎ "ለሠራተኛ ብቻ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጥበቃው ወደ ጸሐፊዋ ላከኝ። ቁልፉ ከወንበሯ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እንዳይጠፋ በተሰበረ ማማሰያ እጀታ ላይ ታስሯል። ከእጄ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

"ለባለጉዳይ አይፈቀድም" አለችኝ።

አሞኛል አልኳት። "ወረቀት አለሽ?"

ነበረኝ። ለእንዲህ ያለ ቀን የሐኪም ማስረጃ ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። ተቀበለችኝና አነበበችው፣ ከራስጌው እስከ ማህተሙ፣ ቀስ ብላ። እኔ ደረቴ ላይ ፋይል አቅፌ፣ እግሬን አጣብቄ ቆሜያለሁ። ፊት ለፊቴ የዜጎች ቻርተር በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል፣ የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። አንብባ ስትጨርስ "ኃላፊው ካልፈቀዱ አልችልም" አለች። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

አልደረስኩም።

ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ እናት ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ነይ" ብለው ደግፈው ከሦስተኛ ፎቅ አወረዱኝ፣ ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። ተራቸውን ትተው። በማግስቱ ስመለስ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና "47? ተጠርተሽ አልተገኘሽም። እንደገና ቀጠሮ ያዢ" አለኝ። ቅሬታ ሰሚዋ ደግሞ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ "ከቤትሽ ተጠቅመሽ ብትመጪ አይሻልም?" አሉኝ። እሳቸው ከቤታቸው ተጠቅመው ይምጡና ቁልፉን ለእኔ ይተዉልኝ።

ስለ ሰብዓዊ ክብር የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 24 ለእርስዎ አላስተምርም። ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ኅዳር ላይ የዓለም የሽንት ቤት ቀን እንደሚከበርም ያውቁ ይሆናል። ባነር አሠርታችሁ እንዳትሰቅሉ ብቻ አደራ።

ባለጉዳይ ያቆሽሻል፣ ውሃም ይጠፋል ትላላችሁ። ውሃ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። ችግሩ እሱ ከሆነ በጀሪካን ይዤ እመጣለሁ። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተሠሩትን ሽንት ቤቶችም አይቻለሁ፣ ንጹሕ ናቸው፣ እሰየው። እኔ ግን ሦስት ፎቅ ወርጄ፣ አስፋልት ተሻግሬ የምደርስበት ሁለት ደቂቃ የለኝም። ብደርስስ ተራዬን ማን ይይዝልኛል? ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እርጉዟ አለች፣ ስኳር ያለባቸው አሉ፣ ፕሮስቴት የያዛቸው አባቶች አሉ። አፍረው ነው ዝም የሚሉት። እኔም ከነጠላው ቀን በፊት አፍር ነበር።

አዲስ ሕንፃ ሥሩ፣ በጀት መድቡ አላልኩም። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጡት፣ ቁልፉን ከምስማሩ አውርዱት።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ነጠላውን አጥቤ ተኩሼዋለሁ፣ ይዤው እመጣለሁ። እኒያ እናትም ጉዳያቸው ካላለቀ እዚያው ሰልፍ ላይ አገኛቸው ይሆናል።

ባለጉዳይ ቁጥር 47