ልጄን ለያዛችሁልኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ከማመሰግናቸው ሰዎች ግማሾቹ አማርኛ አያነቡም። እንግሊዝኛ አቅቶኝ አይደለም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ግን ከአንጀቴ «እግዜር ይስጥልኝ» የምለው በዚህ ቋንቋ ነው። ለማያነቡት ልጄ እየተረጎመች ልትነግርልኝ ቃል ገብታለች። ስም አልጠራም፤ ሳላስፈቅድ የሰው ስም አደባባይ ማውጣት አልወድም። እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዩፎኒየም ትነፋለች። ዩፎኒየምን የቱባ ታናሽ ወንድም በሉት፤ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚነፋ፣ ድምፁ ወፈር፣ ለስለስ ያለ የናስ መሣሪያ ነው። የተጠማዘዘው ቱቦ ቢዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል። ሐምሌ ላይ ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ለወጣት ሙዚቀኞች በተዘጋጀ የሰመር ባንድ ካምፕ ከእሁድ እስከ ዓርብ ቆይታ መጣች። ከእኔ ተለይታ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው።

ከሥር ልጀምር። የትምህርት ቤቷ የባንድ መምህር ሆይ፣ ልጄ እርስዎን የጠየቀችው ፍሉት ነበር። ፍሉት የሚፈልግ ልጅ ብዙ ነው። እርስዎ ግን አንድ ማውዝፒስ፣ የመሣሪያውን መንፊያ አፍ፣ ሰጥተው አስነፏት፣ ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ማንም ያልመረጠውን ያን ትልቅ ጥቁር ኬዝ ጎትተው አወጡላት። ቤት ስታመጣው ደንግጬ ነበር። ከእሷ ቁመት ብዙም አያንስም። መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ሆኖ ሳለ ሰመሩን ሙሉ እቤት እንድታቆየው ፈረሙልን። የካምፑን ማመልከቻም የላኩልኝ እርስዎ ነዎት፤ «ይህቺ ልጅ ትሂድ» ከምትል አንዲት መስመር ጋር። ያቺን መስመር አልረሳትም።

የእቁብ እህቶቼ፣ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ። ካምፑ ከፊሉን ክፍያ በስኮላርሺፕ ሸፍኖልን ነበር። የቀረው ግን ለእኛ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው፤ የኪራይ ወርና የመኪና ጥገና ባንድ ላይ መጥተውብናል። እትዬ፣ የዚያን ወር ዕጣ የወጣው ለእርስዎ ነበር። ቡናው ገና ሁለተኛው ሳይደርስ «የእኔ ይቆየኛል፣ ልጅቷ ትሂድ» ብለው ዕጣዎን ለቀቁልኝ። እኔ እኮ አልጠየቅኩም። ለጎረቤቴ ስነግራት ሰምተው ነው። የእኔ ዕጣ በወጣ ቀን የእርስዎ ነው፣ ይህ የታወቀ ነው፤ ግን ዕጣ መመለስ ያንን ቀን አይመልስልዎትም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልበል። «ለሰመር ሒሳብ ብታስገቢያት አይሻልም? አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁላችንም እዚህ የመጣነው ለልጆቻችን ነው፤ ፍርሃታችንም ያው ነው። ግን እኔ የሙዚቀኛ ልጅ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ በፖሊስ ማርሽ ባንድ ሃያ ሰባት ዓመት ባሪቶን፣ የዩፎኒየምን የቅርብ ዘመድ፣ ነፍቷል። በዚያ ደመወዝ አምስት ልጅ አሳድጓል። ሰፈር ውስጥ «አዝማሪው» ሲሉት ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እሱ ግን ዩኒፎርሙን ተኩሶ፣ ቁልፎቹን አብርቶ፣ ጠዋት በሰዓቱ ይወጣ ነበር። ልጄ ይህን መሣሪያ ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ የማየው ያንን ነው። ሒሳቡም ይደርሳል።

እሁድ ዕለት ግቢው እንደደረስን የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። ኬዙን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንደኛው መቆለፊያ አልገባም ነበር። ከመኪናው ኋላ ስናወጣው ተከፈተና ዩፎኒየሙ አስፋልት ላይ ወደቀ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ቁጭ ብላ አነሣችው፣ ጣቷን አስቀምጣ አንደኛውን ቫልቭ፣ በጣት የሚጫኑትን ቁልፍ፣ ተጫነች፣ ሠራ። ሁለተኛው ሠራ። ሦስተኛው ወረደና በዚያው ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ። የምደባ ፈተናዋ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ንብረቱ የእኛ አይደለም።

የጥገና ባለሙያው አባታችን፣ የሙዚቃ ሕንፃው መግቢያ ላይ በአንዲት ጠረጴዛ፣ ከአንድ መብራትና ከመሣሪያ ሳጥንዎ ጋር ተቀምጠው ነበር። ምን ሆነ፣ ማን ጣለው አላሉም። ቫልቩን ፈተው አወጡት። በጨርቅ ጠረጉት። ባዶውን ቱቦ ወደ መስኮቱ አዙረው አንድ ዓይንዎን ጨፍነው አዩት። ከዚያ ልጄን ጠርተው አሳዩዋት፦ የቫልቩ ቤት ከውጭ ተመትቶ በጣም ትንሽ፣ የፀጉር ያህል፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። በቫልቩና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ያቺም ትበቃለች አሏት። ክብ ብረት ከውስጥ አስገብተው በትንሽ መዶሻ ነካ፣ ነካ አደረጉት። እኔ መዶሻ ሳይ ዓይኔን ጨፈንኩ። እርስዎ ግን እንቁላል እንደሚሰብር ሰው ነበር የሚመቱት። ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ ቫልቩን መለሱ፣ ከዚያ መሣሪያውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው ሦስተኛውን ቫልቭ ተጭነው ለቀቁት። ስፕሪንጉ ሲመልሰው ትንሽ ጠቅ አለ። ልጄ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሒሳብ ስጠይቅዎ በጣትዎ የፈተናውን ክፍል አሳዩን። ትምህርት ቤቷም የሆነውን ስንነግራቸው አልተቆጡንም፤ ጎኑ ላይ የቀረችው ጠባሳ አለች፣ መሣሪያው ግን ይሠራል።

ፈተናው ቀላል አይደለም። ስኬል፣ ማለትም ድምፆቹን በተራ፣ ይነፋሉ፣ ከዚያ ከታች እስከ ላይ ግማሽ ድምፅ ሳይዘሉ፣ ከዚያ አይተውት የማያውቁትን ኖታ ፊታቸው ያስቀምጡላቸዋል። በዚያ ነው ባንዱም ወንበሩም፣ ማለትም በነፊዎቹ መካከል ያለው ደረጃ፣ የሚወሰነው። ልጄ ሁለተኛው ባንድ ውስጥ ገባች፤ ከአራት ዩፎኒየሞች አራተኛዋ ወንበር።

የዶርሙ ኃላፊ ሆይ፣ ሰኞ ማታ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ስልኬ ጮኸ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነሣሁት። «ልጅሽ ደህና ናት» አልሽኝ መጀመሪያ። ይህንን በማስቀደምሽ ብቻ ሁልጊዜ አመሰግንሻለሁ። ከዚያ ወደ ቤት መሄድ እንደምትፈልግ ነገርሽኝ። አልበላችም። መጨረሻ ወንበር ላይ መቀመጧን ለሁሉም ሰው የተነገረ ውርደት አድርጋ ወስዳዋለች። አንቺ የኮሌጅ ተማሪ ነሽ፤ ቱባ ነፊ፣ ለካምፑ ሳምንት የዶርሙ ኃላፊ። ምናልባት ሃያ ዓመት ይሆንሻል። «እስከ ነገ ምሳ ጊዜ ስጪኝ» አልሽኝ።

ቁልፌን ይዤ ልወጣ ነበር፤ መንገዱ ከሁለት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። የሥራ ባልደረባዬ፣ «ሂጂ፣ ክፍሎችሽን እኔ እይዛለሁ» ያልሽኝ፣ አንቺንም አልረሳሁሽም። ግን መጀመሪያ አባዬ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ሊነጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ይነሣል። ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ የአርባ ልጆችን ታሪክ አነሣ። ያኔ ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ ነግሮናል! እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ያገኟቸውን፣ በአርመኖች እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡትን አርባ የአርመን ልጆች፤ መለከትና ከበሮ ይዘው ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡትን። አባዬ ስለ እነሱ ሲያወራ ስለ ሥጋ ዘመዶቹ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ያን ሌሊት ግን ታሪኩን አልጨረሰውም። «እነዚያ የሚደውሉላት እናት አልነበረቻቸውም» አለኝ። «የአንቺ ልጅ እናት አላት፣ እዚያው ቅርብ። እናትነትሽ አይጠፋም። ያቺ የደወለችልሽ ልጅ የጠየቀችሽን ጊዜ ስጫት።» አልሄድኩም። እስኪነጋ ስንት ጊዜ ስልኬን እንዳየሁ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቱባ ነፊዋ ሆይ፣ በማግስቱ የሆነውን ልጄ ነው የነገረችኝ። ከቁርስ በፊት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀሰቀስሻት። ቱባሽን ይዘሽ፣ እሷም ዩፎኒየሟን ይዛ፣ ባዶው የሙዚቃ ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀመጣችሁ። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የነፋችሁት። አንድ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። ሕጉ ድምፁ እንዳይቋረጥ ነው፤ አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋ ትይዛለች። ስትጨርሱ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ወደ ታች። «እማዬ፣ ደረጃው ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችኝ። ስለ ወንበር አንዲት ቃል አልተናገርሻትም። ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ ደወለችና «እቆያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት እዚያ ደረጃ ላይ ነበራችሁ። እንቅልፍሽን ነው የሰጠሻት። በሃያ ዓመት እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ። ክፉ አይንካሽ።

የዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ እናታችን፣ ረቡዕና ዓርብ ይህቺ ልጅ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንደማትበላ ስትነግርዎ «ለምን?» ብለው ጠየቋት፣ «ጾም ነው» አለችዎ፣ በቃ። ረቡዕ ምሳ ላይ ሩዝና ባቄላ፣ በዘይት የተሠራ አትክልት፣ ለብቻው በፎይል ተሸፍኖ ይጠብቃት ነበር። ከላዩ ላይ ስሟ ተጽፏል፤ ሁለት ፊደል ተሳስቷል። ፎይሉን አጥፋ አምጥታው መጽሐፏ ውስጥ አለ።

ለክፍል ጓደኛዋ፣ ክላርኔት ለምትነፋው ልጅ፣ ማታ ማታ ስላሳቅሻት፤ ለነርሷ፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ጠጡ እያሉ ስለተከታተሏቸው፤ ለሁለተኛው ባንድ መሪ፣ አራተኛዋን ወንበርም በስሟ ስለጠሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ዓርብ ኮንሰርቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አባቷ የዚያን ቀን ሥራውን ትቶ መጣ። ስልኬን ከፊት ወንበር ጀርባ አስደግፌ አባዬን በቪዲዮ አስገባሁት፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ኮትና ክራቫት አድርጓል። ቤቱ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ፣ ክራቫት አድርጓል።

የነፉት እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ሆልስት እ.ኤ.አ. በ1909 ለወታደራዊ ባንድ የጻፈውን ነው፤ ለልጆች ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀውን። ይህ ሥራ በመለከት አይጀምርም፣ በከበሮም አይጀምርም። ቱባና ዩፎኒየም ናቸው የሚጀምሩት፣ ብቻቸውን፣ ስምንት ባር (ስምንት የሙዚቃ ምት ክፍል)፣ ዝቅ ብለው። ሌላው ባንድ ሁሉ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የኋላው ረድፍ ትንፋሽ ሲወስድ ትከሻዎቻቸው ባንድ ላይ ከፍ አሉ። ልጄ ጫፍ ላይ ነበረች። ከዚያ ድምፁ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ከመሬት የሚወጣ ነው የመሰለኝ። የባለቤቴን እጅ ይዤ ነበር፤ ስለቀው ጣቶቹ ቀልተዋል።

ሲያልቅ ስልኩን አነሣሁ። አባዬ ዝም ብሏል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። «ትንፋሽ የወሰደችበትን ቦታ ፈለግሁት» አለ፣ «አላገኘሁትም።» ለልጄ ስነግራት ምን ማለቱ እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልለታለች። እሱ እዚያ በእግሩ እየመታ ይቆጥራል፣ እሷ እዚህ ሳሎን ተቀምጣ ትነፋለች። መስመሩ ይዘገያል፤ እግሩና ድምፁ አይገጥሙም፣ ግን ሁለቱም አያቆሙም። ከላይና ከታች ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ግድግዳው ቀጭን መሆኑን አውቃለሁ። አንድም ቀን አላንኳኳችሁብንም። እናንተንም አመሰግናለሁ።

እናቷ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ