የተቆረጠው መዋጮ ገቢ መሆኑን አረጋግጡ

ውድ አባሎቻችን፣

ከደመወዝ ላይ የማኅበራዊ ዋስትና (የጡረታና የሥራ ላይ ጉዳት) መዋጮ መቆረጡ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። አሠሪው ገንዘቡን ወደ ዋስትናው ፈንድ ካላስገባ ጉድለቱ የሚታወቀው ጡረታ ሲደርስ ወይም በሥራ ላይ ጉዳት ሲያጋጥም ነው፤ ያኔ ደግሞ ድርጅቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በእኛ እምነት ከዚህ የከፋው ደመወዝን አሳንሶ ማስመዝገብ ነው። መዋጮው በየወሩ ስለሚገባ ማንም አይጠረጥርም፣ አበሉ ግን በዚያው ልክ ያንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ቁጥር 102፣ አበል በአግባቡ እንዲከፈል የማድረግን አጠቃላይ ኃላፊነት ባጸደቁት መንግሥታት ላይ ጥሏል። ስለዚህ መዋጮውን የሚያጣራ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲመጣ አትሽሹ፤ ትክክለኛ ደመወዛችሁን ንገሩት። ለግብር የቀረበው የደመወዝ ዝርዝር ለዋስትናው ከቀረበው ጋር ቢመሳከር ብዙ ነገር ይወጣል፤ እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

የደመወዝ መክፈያ ወረቀታችሁን አትጣሉ። የተጠራጠረ ቅጂውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያድርስ።