የምስሩ ነገር

ወንድምዓለም፣

መቼም ስሜን ስታይ «ይሄ ሰውዬ ብር ሊበደር ነው» ማለትህ አይቀርም። አይደለም፤ ለዛሬው አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁ፣ ባለቤትህ ስትወልድ እንኳን «እንኳን ማርያም ማረቻት» አላልኩም። ይቅር በለኝ፤ ቀሪውን ስድብ በአካል ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዊልሚንግተን ሄደህ ታውቃለህ? ካለህበት ከራሌይ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው አሉ። እዚያ አንድ ትልቅ ስቱዲዮ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመው የፊልም ፕሮዲውሰሩ ዲኖ ዴ ላውሬንቲስ ነው። ኮናንን ያወጣልን ሰውዬ እኮ ነው! ያኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ተደራርበን ስናይ ስሙን ማን አንብቦት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ አንተም የእኛውን ሳትረሳው አትቀርም።)

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዚህን ሰውዬ ታሪክ ሳነብ ነው የማድረው። የኔፕልስ አካባቢ ልጅ ነው፣ በ1919 የተወለደ፣ አባቱ ፓስታ ፋብሪካ የነበራቸው። ያወጣቸው ፊልሞች ከመቶ በላይ ናቸው፤ ግማሹን ብታይ ታጨበጭባለህ፣ ግማሹን ብታይ ቲኬትህን መልሱልኝ ትላለህ። «ላ ስትራዳ»ን ከዳይሬክተሩ ከፌሊኒ ጋር ሠርቶ ኦስካር ያመጣው ሰው፣ በ1976 ለኪንግ ኮንግ ብሎ 12 ሜትር ገደማ የሚሆን የብረት ጎሬላ አሠራ። ገንዘቡ እንደ ጉድ ፈሰሰበት። ጎሬላው ግን እንደታሰበው አልታዘዝ አለና ፊልሙ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አብዛኛውን የሠራው የጎሬላ ቆዳ የለበሰ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ያ ለፊልማችን ዝናብ ብለን የተከራየነው የውኃ ቦቴ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ዝናቡ የመጣው ቦቴው ሂሳቡን ተቀብሎ በሄደ በነጋታው አልነበር?

ሮም አጠገብ ዲኖቺታ ብሎ በስሙ ስቱዲዮ ሠራ፣ አላዋጣውም። አሜሪካ ገብቶ ያቋቋመው ኩባንያም በ1988 ከሰረ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የዚያ የፊልም ሰው በላ፣ የሐኒባል ሌክተር ነገር ነው። በ1986 ሐኒባል ያለበትን የመጀመሪያውን ፊልም አወጣ፣ ሰው አላየለትም። ሌሎች «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ን እንሥራ ሲሉ መብቱን በነጻ ለቀቀላቸው። አምስት ኦስካር ጠራርጎ ወሰደ! እኔ ብሆን ደም ግፊቴ እዚያው ይጨርሰኝ ነበር። እሱ ደግሞ ተነሥቶ ቀጣዩን ሠራ፣ እሱም በ81 ዓመቱ።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ። ዴቪድ ሊንች «ዱን»ን ሠርቶለት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ፊልም ወደቀ። ሌላ ፕሮዲውሰር ቢሆን የዚያን ዳይሬክተር ስልክ አያነሣም። ዲኖ ግን በጀትህንና ክፍያህን ቀንስና ኤዲቲንጉ ላይ የመጨረሻው ቃል ያንተ ይሁን አለው። «ብሉ ቬልቬት» የወጣው እንደዚያ ነው፤ የተቀረጸውም እዚያው ዊልሚንግተን። «እንዲህ ዓይነት ፕሮዲውሰር የት አባቱ አለ» ስትል ይሰማኛል። ቆይ፣ አትቸኩል።

ይኸው ዲኖ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ፌሊኒ «የካቢሪያ ሌሊቶች»ን ሲሠራ አንድ ትዕይንት ገባበት። ከረጢት ተሸክሞ በሌሊት ከሮም ወጣ ብሎ ዋሻ ለዋሻ ለሚኖሩ ድሆች ምግብ የሚያድል ሰውዬ አለ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ዲኖ ፊልሙን ያንቀረፍፈዋል፣ ይውጣ አለ። ፌሊኒ አይነካም አለ። ዲኖ ክርክሩን ትቶ ፊልሙን ከላቦራቶሪ ሰረቀው። ራሱ ነው ኋላ በቃለ ምልልስ የተናገረው። ፊልሙ ያለ ባለከረጢቱ ዓለምን ዞረ፣ ኦስካርም ወሰደ። ትዕይንቱ ወደ ቦታው የተመለሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ፌሊኒ ከሞተ በኋላ።

ሃርድ ዲስኩ አልተበላሸም ነበር።

በቃ፣ ጻፍኩት። እማማ ምስር የሚለቅሙበት ስድስት ደቂቃ ኮምፒውተር አልበላውም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ኤዲተሩም ያውቃል፤ እሱን አትቆጣው፣ አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ለባንክ አስይዤ፣ ሲኒማ ቤቱ አሳጥሩት እያለ፣ አንተ ደግሞ «አንድ ፍሬም አይነካም» ብለህ ስልክህን ዘግተህ... ተወው። ሰበብ እየሆነብኝ ነው።

እማማ ባለፈው ወር ማረፋቸውን ሰምተሃል መሰለኝ። ለቅሶ ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ልጃቸው አጠገቤ ቁጭ አለችና «እማዬ ያቺን ምስር የለቀመችበትን ሳታነሣ አትውልም ነበር። ጠፋ አይደል?» አለችኝ። ንፍሮዬን እያላመጥኩ «አዎ፣ ጠፋ» አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ፣ እሱም ለቅሶ ቤት።

ቤት ገብቼ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁት። ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠጠሩን በጥፍራቸው ገለል፣ ገለል ያደርጋሉ። ውጭ ወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የግቢው በር ሲጢጥ ይላል፤ ቀና ይላሉ። ማንም አይገባም። አንዲት ጠጠር በሁለት ጣታቸው እንደያዙ ይቆዩና፣ አጠገባቸው መጣያው እያለ፣ የቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ይከቷታል። ይህን አንተ ነህ ያዘዝካቸው ወይስ ራሳቸው ናቸው? ያኔ እንዴት አላየሁትም? አንዴ አይቼ ደገምኩት።

አሁንም ግን ረጅም ነው። አራት ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ በዚህ አንስማማም።

ለልጃቸው ልስጣት እፈልጋለሁ፣ ለአርባቸው እንዲደርስ። ሥራው ግን ያንተ ነው፤ አንተ እሺ ሳትል አላወጣውም፣ ስርቆት አንዴ ይበቃል። ፋይሉን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ደግሞ መጨረሻው ላይ ያንተ ድምፅ ገብቷል፤ ካሜራው ሳይቆም ቀስ ብለህ «ይቀጥሉ፣ እማማ» ትላለህ፣ እሳቸውም ወደ አንተ ዞረው ይስቃሉ። እሱን ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ይቆይ?