የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ከቢ ቢ ኪንግ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

የ2018 ዓ.ም. ትምህርት የተከፈተው የአሜሪካዊው የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ጊታር ተጫዋች ቢ ቢ ኪንግ የተወለደበት 100ኛ ዓመት በሚከበርበት በመስከረም ወር ስለነበረ፣ የሙዚቃ ክበባችን አባላት የዓመቱ ሥራ በእሱ አጨዋወት ዙሪያ እንዲሆን ተስማሙ። ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1925 በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ላይ ተወልዶ፣ በሜምፊስ የሬዲዮ ጣቢያ በመሥራት ስሙን ያስጠራ፣ በ2015 በ89 ዓመቱ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ድረስም ከመድረክ ያልወረደ ሰው ነው። ከእሱ የፈጠኑ ጊታሪስቶች ሞልተው ሳለ የእሱ አጨዋወት እስከ ዛሬ በሌሎች እጅ ውስጥ የሚሰማው ለምን እንደሆነ ማወቅ የክበቡ ዋና ጥያቄ ሆነ።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ያሳለፍነው በአብዛኛው በማዳመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቺካጎው ሪጋል ቴአትር ያቀረበውን ዝግጅት ደጋግመን ስንሰማ፣ ኪንግ ሲዘፍን ጊታሩ ዝም እንደሚል፣ ድምፁን ሲያሳርፍ ደግሞ ጊታሩ ተራውን እንደሚወስድ ተማሪዎቹ ራሳቸው ደረሱበት፤ አዝማሪ ስንኙን ሲጨርስ ማሲንቆው እንደሚቀበለው ማለት ነው። ኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) እየመታ መዝፈን እንደማይሆንለት ኪንግ ራሱ ይናገር ነበር። ዘመዱ ቡካ ዋይት በጣቱ ባጠለቀው ቧንቧ ክሩን እያንሸራተተ የሚያወጣውን ድምፅም ሊያወጣ ስላልቻለ፣ በባዶ ጣት ክሩን እያርገበገበ ወደዚያ ድምፅ ለመቅረብ ሞከረ። በእኔ እምነት ትልቁ ውርሱ ከዚሁ የመነጨ ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጊታር አነሳን። የመጀመሪያው ልምምድ አንዲት ኖታ ብቻ ነበረች፦ አውራ ጣት ከጊታሩ አንገት ይለቃል፣ ሌባ ጣት ክሩን ይጫናል፣ ከዚያም መላው እጅ ከአንጓው ጀምሮ ይወዛወዛል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ለሳምንታት ስትለማመድ ቆይታ፣ አንድ ቀን ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ሲርገበገብ ክፍሉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ወደ እሷ ዞረ። ኪንግ ደመቅ ያለ ዜማ ሲፈልግ የሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች ከሜጀር ትዝታ ቅኝት ጋር አንድ በመሆናቸው፣ ክራር የሚጫወቱት አባላት መንገዱን ቶሎ አገኙት። የከበዳቸው ክሩን በጥቂቱ ስቦ በማይነር (ዝቅ ባለው) እና በሜጀር (ከፍ ባለው) ሦስተኛ ድምፅ መካከል ማቆም ነበር፤ ብሉዝ ብሉዝ የሚለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ተጽዕኖውን ስንከታተል ባዲ ጋይ፣ ማይክ ብሉምፊልድ፣ ፒተር ግሪንና ኤሪክ ክላፕተን የተባሉ ጊታሪስቶች ላይ ደረስን። ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1967 በሳን ፍራንሲስኮው ፊልሞር አዳራሽ ሲቀርብ፣ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ ወጣት ታዳሚዎች ገና አንድ ኖታ ሳይመታ ብድግ ብለው የተቀበሉት፣ የሚወዷቸው የሮክ ጊታሪስቶች መምህራችን ነው ሲሉ ይሰሙ ስለነበር ነው። ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ2000 አብሮት አልበም ሲያወጣ፣ በሁለቱ ጊታሮች መካከል ተማሪና አስተማሪን ለመለየት አባላቱ አልተቸገሩም፤ ጥቂት ኖታ የሚጫወተው ኪንግ ነበርና።

በወላጆች ቀን ክበቡ አንድ ዝግ ያለ ብሉዝ ያለ ዘፋኝ አቀረበ። ክር መሳብ ክር ስለሚበጥስ፣ ለመጪው ዓመት ተጨማሪ የጊታር ክር እንዲገዛልን ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጥያቄ አቅርበናል። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ኪንግ ራሱ እያዳመጣቸው ያደገባቸውን ጊታሪስቶች ቲ-ቦን ዎከርንና ሎኒ ጆንሰንን እናጠናለን።